በዐውሎ ነፋስ ቀን ስለ ተከፈተ በር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ክፉ ነፋስ በነፈሰበት፥ መብራት በጠፋበት፥ መንገዱም ባዶ በሆነበት ቀን በከተማ ስታልፍ አንድ ምግብ ቤት ተከፍቶ ብታገኝ ልብህ ደስ ይለዋል። በመስኮቱ ብርሃን ይታያል፤ ከውስጥም የቡና ሽታ ይመጣል። ገብተህ ትቀመጣለህ፤ ትኩስ ነገር ይቀርብልሃል፤ በልተህም «እነዚህ ሰዎች ይባረኩ» ብለህ ትወጣለህ። ምስጋናህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ወጣህ፤ እርሱም ይህ ነው፦ ያ ምግብ ያቀረበልህ አሳላፊ በዚያ ነፋስ ውስጥ እንዴት አድርጎ መጣ? በፈቃዱ መጣን? ወይስ እንቢ ማለት ስላልቻለ መጣ?

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለዚህ ጥያቄ የተጻፈች ናት። ነገሩ ከሆድና ከገንዘብ በቀር ሌላ የሌለበት ይመስላል። ሆኖም የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልቁ ነገር ብቻ አይደለም፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ማን ይርጠብ፥ ማን ይድረቅ በሚባልበት በትንሹ ነገር ደግሞ ይታወቃል። ጉዳዩም ከእኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የምግብ ቤት ባለቤቶች፥ ወጥ ሠሪዎች፥ አሳላፊዎችና ዕቃ አጣቢዎች ናቸው፤ ከገበታው በዚህም በዚያም ወገን ተቀምጠናል ማለት ነው። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዚያው አገር እንውሰድ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ደቡብ ዋፍል ሃውስ የሚባል የምግብ ቤቶች ድርጅት አለ። በ1955 በጆርጂያ ግዛት፥ አቮንዴል ኤስቴትስ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሁለት ጎረቤታሞች የመጀመሪያውን ቤት ከፈቱ። ቤቶቹ ሌሊትና ቀን፥ በዓልም ሳይሉ ክፍት በመሆናቸው ስማቸው ታወቀ። በ2004 ቻርሊ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን በመታ ጊዜ፥ የግዛቲቱ የአደጋ ጉዳይ ሹም የነበሩት ክሬግ ፊውጌት እነዚህን ቤቶች እያዩ የጉዳቱን ልክ ለማወቅ እንደሚቻል አስተዋሉ። እኒህም ሰው ኋላ ከ2009 እስከ 2017 የመላው አሜሪካ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኑ።

መለኪያቸው ሦስት ቀለም ያለው ነበር። ቤቱ ተከፍቶ ምግቡ ሁሉ እንደ ወትሮው ከቀረበ አረንጓዴ ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ነው ማለት ነው። ተከፍቶ ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ ካቀረበ ቢጫ ነው፤ ምናልባት መብራት የለም፥ ወይም ስንቅ አንሷል። ፈጽሞ ከተዘጋ ግን ቀይ ነው፤ በዚያ ስፍራ ጉዳቱ ብርቱ ነውና እርዳታው ወደዚያ ይፍጠን። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፥ ነገር ግን እውነት አለበት። አንድ ምግብ ቤት ይከፈት ዘንድ ውኃ ያስፈልገዋል፤ እሳት ያስፈልገዋል፤ ስንቅ የሚመጣበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም ይልቅ ከቤቱ ወጥቶ ሊሠራ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ ካሉ ከተማው አልሞተም።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች «በማዕበል የማይዘጋ ቤት የጀግንነት ቤት ነው» ይላሉ። አንተም እንዲህ ከማለትህ በፊት ግን ሰዓቱን ለይ። አደጋ ሦስት ሰዓት አለው፤ ይኸውም ነፋሱ ሳይመጣ፥ ነፋሱ ሲነፍስ፥ ነፋሱም ካለፈ በኋላ ነው። በአንዱ ሰዓት ምሕረት የሆነው ሥራ በሌላው ሰዓት ጭካኔ ሊሆን ይችላል።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ የተከፈተ በር ታላቅ በጎነት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ያለው ምግብ ተበላሽቷል፤ ምድጃው አይነድድም፤ የመብራት ሠራተኞችና ሐኪሞች ሌሊቱን ሳይተኙ አድረዋል። በመስከረም ወር 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን ደሴት በመታ ጊዜ መብራቱ በደሴቲቱ ሁሉ ጠፋ። ከጥቂት ቀንም በኋላ ሆሴ አንድሬስ የተባለው የታወቀ ምግብ አዘጋጅ ወደ ሳን ሁዋን ሄደ፤ በሳንቱርሴ ሰፈር ባለው በወዳጁ ምግብ ቤት ከአገሩ ወጥ ሠሪዎች ጋር ጋኑን ጥዶ ይቀቅል ጀመር። ያ ሥራ እየሰፋ ሄዶ በደሴቲቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ምግብ ታደለ። በዚያ ቀን እነዚያ ወጥ ቤቶች ተዘግተው ቢሆኑ የሚራበው ሰው ብዙ ነበር።

ነፋሱ ሲነፍስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጣራ በሚነቀልበት፥ ጎርፍም ሰውን በሚወስድበት ሰዓት ለማን ነው ምግብ የሚሸጠው? መንገደኛ ተይዞ መጠጊያ ቢያጣ በሩን ክፈትለት፤ ይህ መጠለያ ነው። በቤቱ ተቀምጦ ሊቆይ የሚችለውን ሰው ለመጥራት መብራት አብርቶ መቆም ግን መጠለያ አይደለም፤ ገበያ ነው። ያ የተመሰገነው ድርጅት ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል። በ2005 ካትሪና በመታች ጊዜ ብዙ ቤቶቹ ተዘግተውበት ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ለአደጋ ጊዜ ሥርዓት አበጀ። መብራት በሌለበት ምን ዓይነት ምግብ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ጻፈ፤ መብራት የሚያመነጭ ሞተር አዘጋጀ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው የአገሩ ሠራተኞች ያርፉ ዘንድ ከሌላ ስፍራ ሠራተኞችን ይልካል። በጥቅምት ወር 2024 ሚልተን ወደ ፍሎሪዳ በመጣ ጊዜም በታምፓና በአካባቢዋ ካሉት ቤቶቹ ብዙዎቹን ነፋሱ ሳይደርስ ዘጋ። እንግዲህ የሚመሰገንበት ነገር ፈጥኖ መክፈቱ ነው እንጂ ከቶ አለመዝጋቱ አይደለም። ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ያወራሉ።

አሁን ወደ ጠባቡ ነገር እንግባ። ባለቤቱ «እኔ ማንንም አላስገደድሁም፤ የመጣው ፈቅዶ ነው» ይል ይሆናል። ይህን ቃል በምሳሌ እንመርምረው።

በጥር ወር 2016 በዋሽንግተን ብርቱ የበረዶ ማዕበል ወረደ፤ በብዙ ስፍራ በረዶው ከግማሽ ሜትር በላይ ሆነ፤ የምድር ባቡሩም አውቶቡሱም ቅዳሜና እሑድ ፈጽመው ቆሙ። በዚያች ቅዳሜ ማለዳ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ወደ አሳላፊዋ ስልክ ደወለች እንበል።

«ልጄ፥ እንደ ምን አደርህ? ጎረቤቱ ሁሉ ዘግቷል፤ ሰው በእግሩ እየመጣ በሩን ይመታል። እንደ ምንም ብለህ ብትደርስልኝ።»

«እሺ፥ እትዬ፤ እመጣለሁ።»

ያም ወጣት ጫማው እስኪርስ ድረስ በበረዶ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሄደ። አንባቢ ሆይ፤ እርስዋ ለመነች እንጂ አላዘዘችም፤ እርሱም እሺ አለ እንጂ አላጕረመረመም። እንግዲህ በደል ወዴት አለ? ትላለህ።

በደሉ በዚያች «እሺ» ውስጥ ተሰውሯል። ይህ ልጅ ወደ አገሩ አዲስ በመጣ ጊዜ ቋንቋ ሳያውቅ ሥራ የሰጠችው እርስዋ ናት፤ ውለታ አለባት። በዕድሜ እናቱን ታህላለች፤ ታላቅን እንቢ ማለት ነውር እንደ ሆነ ተምሮ አድጓል። በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ አለበት፤ አገር ቤትም ገንዘብ የምትጠብቅ እናት አለችው። ዛሬ ቢቀር በሚመጣው ሳምንት የሥራ ቀኑ ለሌላ እንዳይሰጥ ይፈራል። እንግዲህ ያን «እሺ» ያናገረው ማን ነው? ውለታ ነው፤ ዕዳ ነው፤ ይሉኝታ ነው። ፈቃድ ግን ከመካከላቸው የለም። እንቢ ማለት በማይቻልበት ስፍራ የተባለ እሺ እሺ አይደለም።

ይህንንም ችግር የአገሩ የደመወዝ ልማድ ያብሰዋል። በአሜሪካ መንግሥት ሕግ ጉርሻ የሚቀበል አሳላፊ ከአሠሪው የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። እርግጥ አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች ከዚህ የሚበልጥ ይደነግጋሉ፤ ጉርሻውም ባይበቃ አሠሪው እስከ ተራው ዝቅተኛ ደመወዝ ድረስ ሊሞላለት ይገባል። ቢሆንም አሳላፊ የሚኖረው ከእንግዳ እጅ በሚያገኘው ጉርሻ ነው፤ በሩ በተዘጋበት ቀን ጉርሻ የለም። ሕጉ ለሠራተኛ ጥቂት መጠጊያ አድርጎለታል፤ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1980 ሠራተኛ የሞት ወይም የብርቱ ጉዳት አደጋ በእውነት ሲያሰጋው፥ ሌላም መንገድ ሲያጣ፥ ሥራውን እንቢ ቢል ስለዚህ እንዳይቀጣ የሚለውን ደንብ አጽንቷል። ነገር ግን ላልሠራበት ሰዓት ይከፈለው አላለም። ሕግ ሰውን ከቅጣት ያድነዋል፤ ከረኀብ ግን አያድነውም። ሕግ ባቆመበት ስፍራ የባለቤቱ ሕሊና ሊጀምር ይገባል።

ባለቤቱም በበኩሉ ችግር እንዳለበት አንካድ። የቤቱ ኪራይ በረዶ ወረደ ብሎ አይቀርም፤ የተገዛው ሥጋ ይበላሻል፤ የተቦካውም ሊጥ ያልፍበታል። ብዙ ጊዜ ባለቤትና ሠራተኛ በድህነት ወንድማማቾች ናቸው። እንግዲያስ ባለቤት ሆይ፤ መክፈት ካስፈለገህ ራስህ ክፈት። ቤትህ ቅርብ ከሆነ፥ መንገዱንም ራስህ ከደፈርኸው፥ አንተ ቡናውን አፍላ፤ አንተው አሳልፍ። ሰው የራሱን አደጋ ሊሰጥ ይችላል፤ የሌላውን ሰው አደጋ ግን መስጠት አይችልም፤ የእርሱ አይደለምና።

ለዚህ አንድ እውነተኛ ታሪክ ምስክር ይሁነን። በግንቦት 22 ቀን 2011 በሚዙሪ ግዛት በጆፕሊን ከተማ ላይ እጅግ ብርቱ የሆነ አዙሪት ነፋስ ወረደ፤ ከ150 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በዚያች ሰዓት በአንድ የፒዛ ምግብ ቤት የነበረው ሥራ አስኪያጅ እንግዶቹንና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሥጋና ሌላ ምግብ በሚቀዘቅዝበት ክፍል ውስጥ አስገባቸው። በሩ ግን ከውስጥ የሚቆለፍ አልነበረም። ስለዚህ የሚለጠጥ ገመድ ከበሩ አስሮ በክንዱ ላይ ጠመጠመና በሩን ይዞ ቆመ። ነፋሱ በሩን ከፍቶ ሰውዬውን ወሰደው፤ እርሱም ሞተ። በክፍሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ተረፉ። ይህ ሰው የምግብ ቤትን በር በማዕበል መካከል የያዘ ሰው ነው፤ ነገር ግን የያዘው ለመሸጥ አልነበረም። «እናንተ ያዙልኝ» ብሎም ሠራተኞቹን አላቆመም፤ የራሱን ክንድ አሰረ። በማዕበል ቀን ስለ ምግብ ቤት ጀግንነት ስትናገር ይህን ገመድ አስብ።

አሁንም ወደ አንተ እመለሳለሁ፥ አንባቢ ሆይ፤ አንተ ባለቤትም አሳላፊም አይደለህ ይሆናል፤ በላተኛ ግን ነህ። ባለቤቱ የሚከፍተው አንተ ስለምትመጣ ነው። ዛሬማ መምጣትም አያስፈልግህም፤ ከአልጋህ ሳትነሣ ስልክህን በጣትህ ትነካለህ፥ ሌላው ሰው ይመጣልሃል። በመስከረም 1 ቀን 2021 የአይዳ ዐውሎ ነፋስ ቅሪት በኒው ዮርክ ላይ በዘነበ ጊዜ ጎርፉ ጎዳናውን ሞላ፤ ከመሬት በታች ባሉ ቤቶች የሚኖሩ ድኾችም ሰጥመው ሞቱ። በዚያች ሌሊት አንድ ምግብ አድራሽ እስከ ወገቡ በውኃ ውስጥ ሆኖ ብስክሌቱን እየገፋ፥ የምግቡን ከረጢት በእጁ ይዞ ሲሄድ ታየ፤ ምስሉም በዓለም ሁሉ ዞረ። ያን ከረጢት የሚጠብቅ አንድ ሰው በደረቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያ ሰው ክፉ ነው አልልህም፤ አላሰበም እላለሁ እንጂ።

አባቶቻችን ያነበቡት አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ንጉሥ ዳዊት በጦርነት ጊዜ በምሽግ ሳለ የአገሩን የቤተ ልሔምን የጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ምኞቱን የሰሙ ሦስት ኀያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ገቡ፤ ውኃውንም ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ በነፍሳቸው ቈርጠው የሄዱትን ሰዎች ደም የሚጠጣ መሰለውና በአምላኩ ፊት አፈሰሰው። አስተውል፤ ዳዊት ሂዱ ብሎ አላዘዘም፤ ተመኘ ብቻ። ነገር ግን የኀያል ሰው ምኞት ለታናናሾቹ ትእዛዝ እንደሚሆን ውኃውን ባየ ጊዜ ገባው። ዛሬ ዐሥር ብር ወይም ዐሥር ዶላር በእጁ ያለው ሰው ሁሉ በዝናብ ቀን እንደዚያ ንጉሥ ነው፤ ምኞቱ ሌላውን ሰው ወደ ጎርፍ ትልካለች።

አንተ ግን «እኔ ባላዝዝ እርሱ የዕለት እንጀራውን ያጣል፤ እንዲያውስ እየረዳሁት ነው» ትል ይሆናል። ይህ ቃል ከባድ ነው፥ በቀላሉም አይመለስም፤ ለድኻ ያለ ሥራ የዋለበት ቀን ያለ እንጀራ የሚያድርበት ቀን ነውና። ቢሆንም መርምረው። ልትረዳው የምትሻ ከሆነ ወደ ጎርፉ ሳትጠራው ልትረዳው ትችላለህ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሂድና ብላ፤ ጉርሻህንም እጥፍ አድርገህ ስጠው። ይህን ለማድረግ ካልፈቀድህ ግን የልብህ ሐሳብ ርኅራኄ አልነበረም፤ ረኀብህ የርኅራኄን ልብስ ለብሶ ነበር።

ደግሞም «ምናልባት ማዕበሉ የተባለውን ያህል ባይሆንስ? ገበያው በከንቱ ቀረ» የሚል አለ። በጥር ወር 2015 በኒው ዮርክ እንዲህ ሆነ። ከንቲባው ቢል ደ ብላዚዮ በረዶውን ፈርተው ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከአስቸኳይ ሥራ በቀር ማንም በተሽከርካሪ እንዳይሄድ ከለከሉ፤ ምግብ የሚያደርስ ብስክሌትም ከአስቸኳይ ሥራ እንደማይቈጠር ለይተው ተናገሩ። በረዶው ግን በከተማይቱ ላይ ከተፈራው ያነሰ ሆነ፤ ብዙ ሰዎችም አሾፉ። እኔ ግን እጠይቅሃለሁ፤ በከንቱ የተዘጋ በር ምን ያጠፋል? የአንድ ሌሊት ገንዘብ ያጠፋል። በከንቱ የተከፈተ በርስ? እርሱ የሚያጠፋውን ማንም መልሶ አያመጣውም። የጠፋ ገንዘብ በሌላ ቀን ይገኛል፤ ስለዚህ በጥርጥር ሰዓት ሚዛኑ ወደ ሰው ነፍስ ይዘንብል።

እንግዲህ ምክሩን ባጭሩ እንናገር። ባለቤት ሆይ፤ ማዕበል መምጣቱ በተነገረ ጊዜ ሳትለመን አስቀድመህ ዝጋ፤ ሠራተኛው «ልቅር?» ብሎ እንዲጠይቅህ አትጠብቅ፤ አንተ «ቅር፤ ቦታህ ይጠብቅሃል» በለው። የምትችል ከሆነ የዚያን ቀን ዋጋ ክፈለው፤ ሁሉን ባትችል ግማሹን ክፈለው። ነፋሱ ባለፈ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ ቀድመህ ክፈት፤ ያን ጊዜ በርህ በረከት ነው። በላተኛ ሆይ፤ ደመናው ሳይከብድ ስንቅህን በቤትህ አግባ፤ በነፋሱ ሰዓት ባለህ ነገር ጥገብ። ሠራተኛም ሆይ፤ ውለታን በሥራህ ክፈል እንጂ በነፍስህ አትክፈል፤ «እትዬ፥ ዛሬ መንገዱ አያስኬድም፤ ሲያልፍ እደርሳለሁ» ብሎ በአክብሮት መናገር ነውር አይደለም።

በአገራችን «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ተረት አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ቃል ለራስ ብቻ ለማሰብ ምክንያት ያደርጉታል። በማዕበል ቀን ግን ይህን ተረት ስታስታውስ ቀና ብለህ ተመልከት፤ ከራስህ በላይ ያለው ነፋስ ከዚያም አሳላፊ ራስ በላይ ያው ነፋስ ነው። አንተ በላይህ ጣራ አለ፤ እርሱ ግን ወደ አንተ በሚመጣበት መንገድ ጣራ የለውም። ይህን ካየህ በኋላ በርህን መክፈት ወይም መዝጋት፥ ማዘዝ ወይም መታገሥ እንዴት እንደሚገባህ ሌላ መምህር አያስፈልግህም።